ስለ 30,360 ብሩ ራት

ይሄኛው ትንሽ ይረዝማል። ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አንብቡት። እንደ እኔ ጡረታ የወጣችሁ ደግሞ ሌላ ምን ሥራ አላችሁ፣ አሁኑኑ ቀጥሉ።

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በማልጠራው ትልቅ ሆቴል ለአራት ሰው ራት 30,360 ብር ሲከፈል በዓይኔ አየሁ። ከፋዩ እኔ አይደለሁም፤ የእኔ ጡረታ በሩ ላይ መኪና ለሚያቆመው ልጅ ጉርሻ ሰጥቶ የሚመለስ ነው። የከፈለው ወልቂጤ ሳለሁ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ንግድ አለው። ልጽፈው ነው ስለው "ስሜን አይጥሩት እንጂ ይጻፉት ቲቸር፣ ምን ችግር አለው" አለኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከራሴ ጋር ያነታርከኛል። ለአንድ ራት ይሄን ያህል ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? እዚያው ጠረጴዛው ላይ መልስ ሰጥቼበት ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ። መልሴ ግማሹ ስህተት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የልጆችን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ የራሴን ሳላርም ብቀር ነውር ነው።

መጀመሪያ ራቱን ልንገራችሁ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ለአንድ ሰው ሦስት ሹካ፣ ሦስት ቢላ ተደርድሯል። ባለቤቴ በጆሮዬ "ሌላ ሰው ይመጣል እንዴ?" አለችኝ። ምግቡ ባንዴ አይቀርብም፤ በስድስት ዙር ነው የሚመጣው፣ ለአንድ ሰው 6,000 ብር ቁርጥ ዋጋ። ሾርባው በሻይ ብርጭቆ ልክ መጣ። ዓሣው ሁለት ጉርሻ ነው። አራተኛው ዙር ላይ፣ እኔን አስቦ ያዘዘው መሰለኝ፣ ክትፎ መጣ።

በትልቅ ጥቁር ሳህን መሐል፣ በቡና ሲኒ ተሰፍሮ የተገለበጠ የሚመስል ክብ ክትፎ። አይቡ በማንኪያ ተስቦ እንደ ሰረዝ ተሰምሯል። ጎመኑ ሦስት የተጠበሰ ቅጠል ነው። ቆጮው እንደ ብስኩት ስስና ደረቅ ሆኖ ክትፎው ላይ እንደ ባንዲራ ተሰክቷል። አስተናጋጁ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ማስረዳት ጀመረ። "ቆጮ ማለት እንሰት ከሚባል፣ ሙዝ ከሚመስል ተክል የሚዘጋጅ ባህላዊ ምግብ ነው…" አራታችንም እንሰት ሥር የተወለድን ነን። በጨዋ ደንብ አዳመጥነው። ሲጨርስ ጠጋ ብሎ "አባቴ፣ የየት አገር ሰው ናችሁ?" አለኝ። "ቸሃ" አልኩት። ፊቱ ቀላ። "እኔም የእዣ ልጅ ነኝ፤ ይቅርታ፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ በሉ ተብለን ነው" ብሎ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ቆይቶ ሳናዝዝ ተጨማሪ ሚጥሚጣ በትንሽ ሳህን አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ። ያን ልጅ እግዜር ይባርከው።

ሐቁን ልናገር፤ ክትፎው ጥሩ ነበር። ስጋው ጅማት የለበትም። ቅቤው በሥርዓት ተነጥሯል፣ ኮረሪማው ልክ ነው። ክፉ ልናገር ፈልጌ አጣሁ። ግን በአራት ማንኪያ አለቀ፤ እኔም እንደ ልጅ ሳህኑን አየሁት።

ከዚያ ሒሳብ መጣ። ምግብ 24,000። የአገልግሎት ክፍያ 10 በመቶ፣ 2,400። በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 3,960። ጠቅላላ 30,360። (ተማሪዎቼ ልብ በሉ፤ ታክሱ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ጭምር ስለሚታሰብ ሜኑ ላይ ከምታዩት ዋጋ በላይ የሚጨመረው 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው። ኪሳችሁን በ25 አስልታችሁ ከገባችሁ ታፍራላችሁ።) ደረሰኙ እኔ አጠገብ ስለተቀመጠ ዓይኔ አረፈበት። የሒሳብ አስተማሪ በሽታው ይሄ ነው፤ ቁጥር ካየ ያካፍላል። በ2018 በተሻሻለው የመንግሥት ደመወዝ ዲግሪ ይዞ የሚጀምር ሠራተኛ 11,500 ብር ነው የሚያገኘው፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። አካፈልኩትና "ይሄ እኮ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ነው! በልተን እንኳን አልጠገብንም!" አልኩ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ዞሮ አየን። የልጁ ሚስት አንገቷን ደፋች። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረና ካርዱን ሰጠ።

ወደ እንግዳ ማረፊያችን በመኪናው ሲያደርሰን ብዙ አላወራም። መብራት ላይ ቆመን ሳለ ነው የተናገረው።

"ቲቸር፣ ትምህርት አቋርጬ የጠፋሁ ጊዜ የት እንደነበርኩ ያውቃሉ?"

የሆነውን አውቃለሁ፤ ስምንተኛን ሳይጨርስ አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮ ሆነ። ብዙ የአገራችን ልጅ ያለፈበት መንገድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ እንደገና እንዲመዘገብ ደብዳቤ የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ። የማላውቀውን ነገረኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል አጥር ሥር ነበር የሚጠርገው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በእጁ ጠርቶት እስከ በሩ ደረጃ ሲጠጋ ዘበኛው ሳጥኑን በእግሩ ብሎ በተነበት። ቀለሙ ፈሰሰ። የዚያን ቀን ለራሱ ማለ፤ አንድ ቀን በዚህ ዓይነት በር፣ በፊት ለፊት፣ ሰው አስከትዬ እገባለሁ ብሎ።

"አባቴ ሞቷል። እናቴን ብለምናት ብለምናት 'ሆቴል ምን አለኝ' ብላ እምቢ አለች። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ለክትፎው አይደለም የከፈልኩት ቲቸር። ክትፎማ ወልቂጤም ሞልቷል።"

ምን እላለሁ? ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

በማግስቱ ወደ ቡታጅራ በሚኒባስ ስንመለስ አሁንም ስህተቴን ለመቀበል እየተንገራገርኩ ነበር። ይቺ የቡታጅራ መንገድ ራሷ ለክርክሬ ማስረጃ ሆነችልኝ። በ1950ዎቹ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ የመሩት የአለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ ሕዝቡ ከገጠር እስከ መርካቶ ገንዘብ አዋጥቶ ከመንግሥት ጋር ያሠራት መንገድ ናት። "እነዚያ ሰዎች ሳንቲም ቆጥበው መንገድ ሠሩ፤ እኛ በስድስት ሳህን 30 ሺ ብር እንበላለን" እያልኩ ለባለቤቴ ንግግር አደርጋለሁ። እሷ በመስኮት ታያለች። በመጨረሻ "ቤታችን ቢሆን እኮ በሦስት ሺ ብር ስጋና ቅቤ አራታችንም ጠግበን ለጎረቤት ይተርፍ ነበር" አልኳት።

"በማን እጅ?" አለችኝ።

በቃ። ከዚያ በኋላ እስከ ቡታጅራ አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ከእኩልታው አንዱን ትልቅ ቁጥር ጥዬ ስደምር ነበር የኖርኩት።

እስቲ የመስቀሏን ክትፎ አብረን እናስላ። የከተማ ልጆች ለሆናችሁ ዘርዘር ላድርገው። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሐል ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፣ ፍግ ይለብሳል፤ ይሄ የወንዱ ሥራ ነው። ከደረሰ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው። ተቆርጦ ልጡ ይነጠላል። እናት መሬት ላይ ተቀምጣ ጣውላው ላይ በእግሯ ረግጣ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ሥሩ ይከተከታል። ቃጫው ለብቻ፣ ቡላው ለብቻ፣ የቀረው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ ለወራት ይብላላል፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል። በየጊዜው ይገለጣል፣ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። ለመብላት ሲፈለግ ይጨመቃል፣ ቃጫው እንዳይቀር በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይወጣል። ወንድ ልጅ እፋቂው ቦታ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለማን እንደሚመች ሕግ መሆኑ የገባኝ ስሸብት ነው።

ቅቤውም እንዲሁ በአንድ ቀን አልመጣም። እናቶቻችን ዊጆ ነበራቸው፤ አሁንም ያላቸው አሉ። የቅቤ እቁብ በሉት። አንዲት ሴት ከሁለት ላም የምታገኘው ለመስቀል አይበቃም። ስለዚህ እየተሰባሰቡ እያንዳንዷ የድርሻዋን ቅቤ ታዋጣለች፣ በተራ ለአንዷ ይሰጣል። የወንዱ ደግሞ በሬው ነው፤ በእቁብም በቅርጫም ዓመቱን ሙሉ የሚታሰብለት። ለመስቀል ሲሆን መርካቶ ሱቅ ይዘጋል፤ የጅማ መንገድና የቡታጅራ መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ለአረፋ በዚያው መንገድ ይጎርፋሉ። ዓመት ሙሉ ደረቅ ዳቦ በሻይ እየበላ የቆጠበ ነጋዴ አገሩ ገብቶ ሰንጋ ይጥላል። ይሄ ምንድን ነው ታዲያ? ቅንጦት እኮ ነው! በዓለም ላይ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ቅንጦት ነው። "ጉራጌ ቆጣቢ ነው" የሚሉን ሰዎች መስከረም ላይ መጥተው አያውቁም ማለት ነው።

እና የዚህን ሁሉ ዋጋ ማን ጻፈው? የሰባት ዓመት እንሰት፣ የወራት ጉድጓድ፣ የሳምንታት ቅቤ፣ ከሁሉም በላይ የሴቲቱ ወገብ። በሰዓት ሒሳብ ተከፍሎት ቢሆን የመስቀሏ ጣባ ከሆቴሉ ጥቁር ሳህን በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ቤት ውስጥ "ርካሽ" ያልኩት የእጁ ዋጋ ስላልተከፈለ ነው። ሆቴሉ ቢያንስ ያበስልኩበትን፣ ያጠብኩበትን፣ ያስተናገድኩበትን ክፈል ይላል። ደረሰኝ ይቆርጣል። ባለቤቴ አርባ ዓመት ደረሰኝ ቆርጣልኝ አታውቅም።

ይሄ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ ኖማ የሚባል ምግብ ቤት አለ። አምስት ጊዜ የዓለም አንደኛ ተብሎ ተመርጧል። ከሚታወቅበት ነገር አንዱ ምን መሰላችሁ? ማብላላት! ቅጠልና ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ዓሣ በጋንና በማሰሮ እያብላላ ነው ዓለምን ያስደነቀው። እናቶቻችን ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩትን የሚያህል ጥበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለዚያ ምግብ ሰው ከአገር አገር በአውሮፕላን ይሄዳል። ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ የሚሠሩ ተለማማጆች ነበሩ። ለእነሱ መክፈል የጀመረው በጥቅምት 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጥር 2023፣ ባለቤቱ ረኔ ሬድዜፒ በ2024 መጨረሻ እንደ መደበኛ ምግብ ቤት እንደሚያቆሙ አስታወቀ፤ ይህ አሠራር የሚያዋጣ አይደለም ብሎ። ምክንያቱ የእጁ ክፍያ ብቻ ነው አልልም። ግን የዓለም ውዱ ማዕድም እንደ እኛዋ ጣባ ባልተከፈለ እጅ ላይ ቆሞ እንደነበር ሳነብ፣ ባለቤቴን ለማሳየት ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። "እና አንተ መክፈል መቼ ትጀምራለህ?" አለችኝ። ማሳየት አልነበረብኝም።

ሌላም ያሳፈረኝ ነገር አለ። ያን ማታ ስጮህ፣ የተናደድኩት በዋጋው ብቻ ነበር? ክትፎው ባይመጣና ስድስቱም ዙር የፈረንጅ ምግብ ቢሆን እንደዚያ እጮህ ነበር? አይመስለኝም። "ይሄ የእነሱ ሙያ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያስከፍለው" ብዬ ዝም እል ነበር። ክትፎ ሲሆን ግን "ለክትፎ? ለቆጮ?" አልኩ። የራሳችንን ነገር ርካሽ መሆን አለበት ብለን ደምድመን ቁጭ ብለናል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ኒውዮርክ ውስጥ ስሙን ከተከለ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ አናት ላይ ምግብ ቤት ከፍቷል። (እኔ የበላሁት እዚያ አይደለም፤ እዚያ ሄጄም አላውቅ፤ ለሐሜት እንዳታውሉት።) እንዲህ ያለ ሰው የአገሩን ቅመም ከማንኛውም የዓለም ማዕድ እኩል ዋጋ ሊያወጣ ይችላል ብሎ መነሳቱን መቃወም አልችልም። ፈረንሳይ አይቧን በወርቅ ስትሸጥ፣ የቸሃ ሴት አይቧን ስለምን በሳንቲም ትሽጥ?

እዚህ ላይ ግን "ስለዚህ ሆቴል ግቡ፣ ክፈሉ" አልልም። አሁንም የሚቆጠቁጠኝ አለ።

አንደኛ ከ30,360ው ብር ቆጮዋን ለፋቀችው ሴት ስንት ደረሳት? አስተናጋጁ ቆጮ ምን እንደሆነ አስረድቶናል። ማን እንደፋቀው፣ ከየት እንደመጣ ግን የተሰጠው ጽሑፍ ላይ የለም። ለሥጋው "ከዚህ አካባቢ የመጣ" ተብሎ ሜኑው ላይ ተጽፏል። ቆጮዋ አገርም እናትም የላትም። ገበያችን ላይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያቺን ቆጮ አዝላ መጥታ በቅጠል ላይ የዘረጋች ሴት ጋር ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምንከራከረው እኛው ነን። ሆቴል ገብተን ደግሞ 26.5 በመቶ ሲጨመርብን "አመሰግናለሁ" እንላለን። እዚህ ላይ ከተማሪዬ ይልቅ ራሴን ነው የማየው። ያን ቀን ያልተከራከርኩት ሆቴሉን ፈርቼ ነው፤ ሴቲቱን ግን አልፈራትም።

ደግሞም ወረርሽኙ ወደ ከተሞቻችን መጥቷል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲው ጉብሬ ላይ ከተከፈተ ወዲህ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ፣ አዳዲስ ሆቴልና ላውንጅ በየጊዜው ይከፈታል። ይከፈት፣ ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ። ግን ክትፎ በተወለደበት አገር አንድ ቦታ ገብቼ ክትፎ ባዝዝ በቶስት ዳቦ አመጡልኝ። "ቆጮስ?" ብል ልጅቷ "ቆጮ አይመችም አባባ፣ እንግዶች አይወዱትም" አለችኝ። የትኞቹ እንግዶች? ዙሪያውን ባይ ሁላችንም የእንሰት ልጆች ነን! ዋጋው ደግሞ ከጎረቤቱ ክትፎ ቤት እጥፍ ነው። ያ እጥፍ የተከፈለው ለምኑ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ለወንበሩ ይሆን?

ከቶስቱ የባሰም አለ። አምና አንድ የማውቀው አባት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅለት ጊደር ሸጠ። ለልብሱና ለትራንስፖርቱ መስሎኝ ነበር። ልጁ አሥራ አንድ ጓደኞቹን ይዞ ላውንጅ ገባ። በማግስቱ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ እኔም ሳላውቅ "እንኳን ደስ ያለህ" ብዬበታለሁ። ያቺ ጊደር በዓመቷ ወተት ልትሰጥ የነበረች ናት። አባትየው ሲነግረኝ አልተናደደም፤ "ከሰው በታች እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው" አለኝ። ይቺን ቃል ከተማሪዬ የመኪና ውስጥ ንግግር ጎን አስቀምጡልኝ። ሁለቱም ለምግብ አይደለም የከፈሉት። ሁለቱም ለክብር ነው። ልዩነቱ ተማሪዬ ክብሩን በራሱ ላብ፣ በሃያ ዓመት፣ ዕዳ ሳይገባ ገዛ። ያኛው ልጅ የአባቱን ጊደር በልቶ በማግስቱ ክብሩ ከፎቶው ሥር ባሉት ልቦች ቁጥር ተለካ። እኔ የመጀመሪያውን አላወግዝም፤ ሁለተኛውን ግን ፊት ለፊት "ልጄ፣ አባትህን ነው የበላኸው" እለዋለሁ። ብያለሁም።

ውጭ አገር ያላችሁት ደግሞ አትቀየሙኝ። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለእናንተ 6,000 ብር አርባ ዶላር ገደማ ነው። "ርካሽ ነው፣ ሁላችሁም ኑ፣ እኔ እጋብዛለሁ" ትላላችሁ፤ ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናንተ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ። እዚህ የቀረው የአክስታችሁ ልጅ ያን ቦታ እንደ ልክ ይዞት ይቀራል፤ የሚቀጥለውን ልደት የት ያክብር? ስትመጡ ከተቻላችሁ ያንኑ ገንዘብ ይዛችሁ እምድብር ወይም አገና ሂዱ፤ እዚያ ላሉት እናቶች "ሥሩልን፣ የልፋታችሁን እንከፍላለን" በሏቸው። እነሱ መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ "የእንግዳ ይከፈላል እንዴ" ይላሉ። ግድ የለም፣ ከፍላችሁ ውጡ።

እና መልሴ? በሕይወት አንዴ ሁለቴ፣ በራስ ገንዘብ፣ ለሚያከብሩት ሰው ከሆነ ተገቢ ነው። በየወሩ ከሆነ ምግቡም ይረክሳል፣ ክብሩም ይረክሳል። ለጥጋብ ከሆነ ደግሞ ምንጊዜም ኪሳራ ነው፤ ያን ማታ እንግዳ ማረፊያው ደርሰን ባለቤቴ ከሻንጣዋ ዳቦ ቆሎ ማውጣቷን ተማሪዬ ይሄን ሲያነብ ነው የሚያውቀው።

ለልጁ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። "ኧረ ቲቸር፣ ስምንተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበር የሚቆጡኝ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ወደ እምድብር ሄጄ ነበርና በዚያው እናቱ ቤት ጎራ አልኩ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ "እትዬ" ነው የምላቸው። እሳቸው "አስተማሪው" ይሉኛል። ጓሮ ነበሩ፣ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር እየፋቁ። እጃቸውን በቅጠል ጠርገው መጡ።

"ልጄ ሆቴል ወሰዳችሁ አሉ" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። "ጠገባችሁ?"

"ጠገብን እትዬ።"

"ውሸትህን ነው" ብለው ሳቁ። "ተቆጣኸው አሉ።"

"አዎ። ተሳስቼ ነው።"

"እኔም ብሆን እቆጣው ነበር" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ግን አንተ ስለሄድክለት ደስ ብሎኛል። እኔ ጫማዬን አፈርኩ" አሉኝ።

ይቺን ለልጁ አልነገርኩትም፤ እዚህ ያነባታል። "ሆቴል ምን አለኝ" ያሉት ለዚህ ነበር።

ስለ ራቱ ጠየቁኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስለ ሦስቱ ሹካ፣ ስለ ሾርባው፣ እንደ ባንዲራ ስለቆመችው ቆጮ። ሌላው ሁሉ ሲያስቃቸው ቆጮዋ ጋ ስደርስ ኮስተር አሉ።

"እንደ ወረቀት ስስ?"

"እንደ ወረቀት።"

"ቃጫ የለበትም?"

"ምንም የለበትም።"

"ጎሽ" አሉ። "ማን ናት የፋቀችው?"

አላውቅም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጓዳ ገቡ። ቆጮ በጎመን፣ በአይብ አመጡልኝ፤ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ። ልነሳ ስል የቀረውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በቃጫ አሰሩና ሰጡኝ።

"ለባለቤትህ ነው። እኔ ነኝ የፋቅኩት በላት።"